ልጄ ከሚጫወተው ጌም ላይ አሻንጉሊት ሠርቼ ሸጥኩ፤ አሁን ሱቄ ሊዘጋብኝ ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ኪሮሽ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ አይለይም።

ባለፈው ዓመት ትልቁ ልጄ የሚጫወተው ጌም ላይ ያለች ትንሽ ፍጥረት አለች፤ «ሥሪልኝ» ብሎ አስቸገረኝ። ሠራሁለት። ትምህርት ቤት ይዟት ሄደና የጓደኞቹ እናቶች «ለእኛም» አሉ። ከዚያ ጓደኛዬ በእጅ የተሠሩ ዕቃዎች የሚሸጡበት አንድ ትልቅ ድረ ገጽ ላይ ሱቅ ከፈተችልኝ። ይህን ያህል እሸጣለሁ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ለእናቴ በየወሩ የምልከው ከዚያ ነው።

በቅርቡ ግን ኢሜይል መጣ። የአእምሯዊ ንብረት ባለቤት ቅሬታ ስላቀረበ ዕቃሽ ተነሥቷል፣ ከተደጋገመ ሱቅሽ ይዘጋል ይላል። ባለቤቴ «ስሙን ቀይሪና መልሰሽ ለጥፊው» አለ። እህቴ «ስንቱ እየሸጠ አንቺን ብቻ ምን አገኘሽ?» ትላለች። አማቴ ደግሞ «ጥለታችንን ውጭ አገር በማሽን እያተሙ ሲቸበችቡት ማን ከሰሳቸው?» ብለው ተቆጡ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ሌባ የተባልኩ መሰለኝ። ለዜግነት አመልክቻለሁ፤ ይሄ ነገር እዚያ ላይ ይመጣብኝ ይሆን? ገንዘባቸውን የተቀበልኩባቸው ሁለት ትዕዛዞች አሉ። በሚቀጥለው ወር በቤተ ክርስቲያናችን ባዛር ላይ ጠረጴዛ ይዣለሁ፤ ለዚያ የሠራኋቸው ሃያ የሚሆኑ አሻንጉሊቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የራሴን ነገርም ሞክሬ ነበር፤ ዓይንና ፈገግታ ያላት ትንሽ ጀበና። ጥቂት ተሸጠች እንጂ እንደ ጌሙ አልሆነችም። ምን ይመክሩኛል?

ኪሮሽ ወዳጇ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ቃል ከብዳኛለችና ከእሷ ልጀምር። ሌባ አይደለሽም። የሸጥሽው በገንዘብሽ የገዛሽውን ክር፣ ከሌሊት ሥራ መልስ ያልተኛሽውን እንቅልፍና የእጅሽን ሙያ ነው። ልጅሽን ለማስደሰት የሠራሽው ነገር ሳይታወቅሽ ንግድ ሆነ። ችግሩ አሻንጉሊቷ ላይ ካንቺ ሙያ ጋር የሌላ ሰው ፈጠራ መኖሩ ነው። የዚያ ፈጠራ ባለቤት «ሳታስፈቅጂኝ ሸጠሻል፣ ተይ» ብሎሻል። እስካሁን የሆነው ይኸው ነው።

በዜግነቱም ነገር ልብሽን አሳርፊ። የደረሰሽ ኢሜይል ከፖሊስም ከፍርድ ቤትም የመጣ አይደለም። አንድ የግል ድርጅት ለድረ ገጹ ቅሬታ አቀረበ፤ ድረ ገጹም ዕቃሽን አነሣ። አልተያዝሽም፣ አልተከሰስሽም፣ አልተፈረደብሽም። ሆን ብሎ በብዛት የሐሰት ሸቀጥ መነገድ ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አንቺ ያለሽበት ግን እሱ አይደለም። የዜግነት ጉዳይሽን የያዘ ጠበቃ ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪው። ከእሱ አፍ ስትሰሚው እንቅልፍሽም ይመለሳል።

ድረ ገጹም ጠልቶሽ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ አለ። ድረ ገጾች ቅሬታ ሲደርሳቸው ዕቃውን ቶሎ ካነሡ፣ ሻጩ ላጠፋው ጥፋት እነሱ አይጠየቁም። ስለዚህ ማን ትክክል ነው ብለው አይመረምሩም፤ መጀመሪያ ያነሣሉ። ደጋግሞ የሚያጠፋን ሰው አካውንት እንዲዘጉም ያው ሕግ ይጠብቅባቸዋል። ኢሜይሉ ላይ «ከተደጋገመ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው፤ እንደ ባዶ ማስፈራሪያ አትይው።

አሁን ኢሜይሉን እንደገና ክፈችውና አንድ ነገር ፈልጊ። ቅሬታው የቅጂ መብት ነው ወይስ የንግድ ምልክት? ሁለቱ ይለያያሉ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የፍጥረቷን መልክ ነው፤ ቅርጿን፣ ቀለሟን፣ ፊቷን። ከስክሪን ወደ ክር መቀየሩ ነጻ አያወጣም። የንግድ ምልክት ደግሞ የጌሙን ስምና አርማ ይጠብቃል። አሻንጉሊቷን ከራስሽ አእምሮ አውጥተሽ ብትሠሪያት እንኳ፣ ገዢ እንዲያገኛት ብለሽ ርዕሱ ላይ ወይም ታጉ (መፈለጊያ ቃሉ) ላይ የጌሙን ስም ከጻፍሽ በዚህኛው በኩል ቅሬታ ሊመጣብሽ ይችላል።

መስመሩ የት ጋ እንደሆነ በአንድ እንጉዳይ ላሳይሽ። ቀይ ቆብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው እንጉዳይ በተፈጥሮ ጫካ ውስጥ ይበቅላል። ማንም በኪሮሽ ቢሠራው የሚጠይቀው የለም። ከቆቡ ሥር ነጩ ግንድ ላይ ሁለት ቁመታም ጥቁር ዓይኖች ስትሰፊበት ግን የጌም ኩባንያው የኒንቴንዶ እንጉዳይ ሆነ፤ ሱፐር ማሪዮን የተጫወተ ልጅ ሁሉ ወዲያው ያውቀዋል። ሁለት ስፌት ብቻ ነው የጨመርሽው፤ በዚያች ሁለት ስፌት ግን የሌላ ሰው ንብረት ውስጥ ገባሽ። ቤትሽ ውስጥ ደግሞ ጥሩ ዳኛ አለሽ። አዲስ ነገር ስትሠሪ ምንም ሳትነግሪው ለልጅሽ አሳዪው። «ይሄማ እገሌ ነው!» ካለሽ አትሽጪው። «ይሄ ምንድን ነው? ያምራል» ካለሽ ጥሩ መንገድ ላይ ነሽ።

ወደ ባለቤትሽ ምክር እንምጣ። ሊያግዝሽ ብሎ ነው፤ ከእሱ ጋር አትጣዪ። ምክሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስሟን ብትቀይሪም መልኳ ያው ነው። «በእገሌ ጌም መንፈስ የተሠራ» ብሎ መጻፍ፣ «ባለቤትነቱ የእገሌ ድርጅት ነው» ብሎ ማመስገን፣ «30 በመቶ ከቀየርሽው ያንቺ ይሆናል» የሚባለው ወሬ፣ አንዳቸውም አያድኑም። እንዲህ ያለ የመቶኛ ሕግ የለም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የተመዘገበ ሥራ ለተነካበት ባለቤት በአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ካሳ ሊያስፈርድለት ይችላል፤ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። እስካሁን «አላወቅኩም ነበር» ማለት ትችያለሽ። ኢሜይሉ ከደረሰሽ በኋላ ስሟን ደብቀሽ ከለጠፍሽ ግን ይህን ማለት አትችዪም። ለባለቤትሽ ይህን ቁጥር አሳዪው፤ ከክርክር ይልቅ እሱ ይናገርልሻል።

እህትሽ ያለችው እውነትነት አለው፤ ብዙ ሰው እየሸጠ ነው። አንዳንዱ ፈቃድ አለው። አንዳንዱ ገና አልታየም። መብቱ የባለቤቱ ስለሆነ ማንን፣ መቼ እንደሚጠይቅ የሚመርጠውም እሱ ነው። ትንሽ መሆን መከላከያ እንዳልሆነ ግን እወቂ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያትል ውስጥ አንድ ሰው ፖኪሞን የሚባለው ጌም ጭብጥ ያለው ድግስ አሰናድቶ ነበር፤ መግቢያው 2 ዶላር ነው። የፖኪሞን ኩባንያ ከሰሰው፤ ድግሱም ተሰረዘ። በተለይ የንግድ ምልክት ባለቤቶች እንዲህ የሚጨክኑበት ምክንያት አላቸው። ስማቸውን ማንም እንደፈለገ ሲጠቀምበት ዝም ካሉ ምልክቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ጠበቆቻቸው ይህን ይፈራሉ።

የአማትሽ ቁጣ ግን ልቤን ነክቶታል። እውነታቸውን ነው። ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ክር በክር የሚያወጣውን ጥለት ማሽን በደቂቃ ሲያትመው፣ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥም ማየት ያማል። ታዲያ ሕጉ ለምን ዝም አለ? የቅጂ መብት የሚቆመው ለታወቀ ፈጣሪና ለተወሰነ ጊዜ ነው። በአሜሪካ ፈጣሪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣን ጥለት ማን መጀመሪያ እንዳወጣው አይታወቅም፤ ስለዚህ በዚህ ሕግ ፊት ቆሞ «የእኔ ነው» የሚል ሰው የለም። ይህ የሕጉ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንደ እኛ ያሉ ሕዝቦችን ይጎዳል። ዛሬ አንድ ሸማኔ ራሱ የፈጠረው አዲስ ንድፍ ግን ሊጠበቅለት ይችላል።

ደግሞ አንድ ነገር ለአማትሽ ንገሪልኝ። አገራችንም በአእምሯዊ ንብረት ሕግ ተጠቅማ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ትልቅ ውዝግብ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አለቀ። ያ ማመልከቻ የገባበት የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ያለው እዚያው አንቺ ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የገበሬውን ስም ያለፈቃድ አትጠቀሙ ብለን የተከራከርንበት ዓይነት ሕግ ነው እንግዲህ ዛሬ ያንቺን ሱቅ ያንኳኳው።

(አዲስ አበባ ሆናችሁ በቴሌግራምና በኢንስታግራም የምትሸጡም ነገሩ ይመለከታችኋል። አገር ቤት የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ይጠበቃሉ፤ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ሥራው። ዛሬ ማታ ከሥራ በፊት ሱቅሽን ክፈችና ከዚያ ጌምም ሆነ ከሌላ የመጡ ገጸ ባሕርያትን ሁሉ ራስሽ አውርጂ። ሌላ ቅሬታ ከመምጣቱ በፊት ካወረድሻቸው አደጋው ይቀንሳል። ርዕሶችሽንና ታጎችሽንም አንድ በአንድ እዪ፤ የጌም ስም ካለ አጥፊ። የሽያጭ መዝገብሽንና የተጻጻፍሽውን ግን አትንኪ። ምናልባት አንድ ቀን ቢጠየቅ በሐቅ የምታሳዪው እሱን ነው።

ኢሜይሉ ላይ «የተቃውሞ መልስ ማቅረብ ይቻላል» የሚል ነገር ልታዪ ትችያለሽ። በቁጣ አትሙዪው። ያ ወረቀት የሐሰት ምስክርነት ቅጣት እንዳለው አውቀሽ የምትፈርሚው ነው። ስምሽና አድራሻሽ ቅሬታ ላቀረበው ይደርሳል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ልከሰስ እችላለሁ ብለሽም ትስማሚያለሽ። ቅሬታ አቅራቢው ክስ ካልመሠረተ ዕቃው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን በስሕተት ለተነሣበት ሰው ነው። የአንቺ አሻንጉሊት በስሕተት አልተነሣችም።

ሁለቱን ትዕዛዞች ሰርዢና ገንዘቡን መልሺ። እንደሚያሳፍርሽ አውቃለሁ፤ አጭር አድርጊው። «ይህን ዕቃ ከዚህ በኋላ መሸጥ እንደማልችል ስለተነገረኝ ገንዘብዎን መልሻለሁ። ስላስጠበቅኩዎ ይቅርታ። የራሴን አዳዲስ ሥራዎች በቅርቡ አወጣለሁ» ማለት ይበቃል። «በድብቅ ሥሪልኝ፣ በውስጥ እከፍልሻለሁ» የሚልሽ ገዢ ቢመጣም ያው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው በማን መንገድ ሸጥሽ ብሎ አይደለም፤ ሳታስፈቅጂ ሸጥሽ ወይ ብሎ ነው።

ባዛሩም እንደዚሁ። የቤተ ክርስቲያን ጠረጴዛ ላይ ድረ ገጹ አያይሽም፤ ሽያጩ ግን ሽያጭ ነው። ሃያዎቹን አሻንጉሊቶች ይዘሽ አትውጪ። ልጆችሽ የሚወዱትን ለራሳቸው ያስቀሩ፤ እናት ለልጇ የሠራችውን ማንም መጥቶ አይቀማም። የቀሩትን ተርትሪያቸው። እንዳነበብሽው ሆድሽ እንደሚላወስ ይገባኛል፤ በእጅ የሠሩትን መተርተር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ኪሮሽ መልካምነቱ ክሩ አይሞትም። ሙሌቱንም ዓይኑንም መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ።

በምን? እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንድ ነገር አስቢ። ጀበናዋን የገዙት ሰዎች እነማን ናቸው? ምን ብለው ጻፉልሽ? የጌሙ አሻንጉሊት በፍጥነት የተሸጠው ሌላ ድርጅት በሚሊዮን አውጥቶ ያስተዋወቀው ስም ስላለው ነው። ጀበናዋን የገዛ ሰው ግን ማንም ሳይነግረው አንቺን ራስሽን አይቶ ገዛ። በእኔ ሚዛን ጥቂቱ ሽያጭ ይበልጣል። ምናልባት ፎቶዋ ደካማ ነበር፤ ምናልባት ብቻዋን ስለቆመች ነው። ስድስት ትናንሽ ሲኒዎች፣ ረከቦትና ከሰል ማንደጃ ብትጨምሪላት ምን ትመስል ነበር? አሜሪካ የተወለዱ ልጆች ያሏቸው ሐበሻ እናቶች ይህን የመሰለ መጫወቻ ቢያገኙ የሚያልፉት አይመስለኝም።

የጌሙን ዓለም ከወደድሽውም እሱን መተው የለብሽም። ዘንዶ፣ ጎራዴ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ውድ ሀብት ያለበት ሳጥን፣ እነዚህ የማንም አይደሉም፤ የአንድ ጌም ቅጂ እስካልሆኑ ድረስ። በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠራው የድሮ ጌም ስልትም ባለቤት የለውም። ልብ ብለሽ ካየሽው ደግሞ አንዳንዱ ጥልፋችን የሚሠራው እንደዚያው በቆጠራ ነው፤ አንድ ካሬ ቀይ፣ ሁለት ካሬ ቢጫ። የጥለት ቀለም ያለው ልብ፣ በካሬ የተሠራ አንበሳ ወይም ጭላዳ፣ የገበጣ ጠጠር መያዣ ከረጢት። የገበጣ ሕግ የማንም ንብረት አይደለም። ልጅሽንስ «አንተ ጌም ብትሠራ ዋናው ፍጥረት ምን ይመስል ነበር?» ብለሽ ለምን ወረቀት አትሰጪውም? እሱ የሳለውን አንቺ ብትሠሪው ከላይ እስከ ታች የቤታችሁ ነው።

የራስሽ ንድፍ እንደተሠራ የቅጂ መብቱ ያንቺ ነው፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። በደንብ የሚሸጥ ከሆነ ግን በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በኦንላይን አስመዝግቢው። አንድ ሰው ለሠራው አንድ ሥራ ክፍያው 45 ዶላር ነው። ለሱቅሽ ስም ስታወጪም ከተማሽ ያለው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ በነጻ መፈለግ ትችያለሽ።

ከእውነተኛ ጌም ጋር መሥራት ከፈለግሽም በር አለ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው የእጅ ሥራ ፈቃድ ይሰጣሉ ብለሽ አትጠብቂ። አንዳንድ ትናንሽ ጌም ሠሪዎች ግን አድናቂዎቻቸው በእጃቸው የሠሩትን በትንሽ መጠን እንዲሸጡ የሚፈቅድ ደንብ አውጥተዋል፤ ስታርዲው ቫሊ የሚባለው ጌም ሠሪ አንዱ ነው። ማይንክራፍትም ስሙንና ምስሉን ስለመጠቀም በግልጽ የተጻፈ ደንብ አለው። ደንቡን ከራሱ ከባለቤቱ ድረ ገጽ አንብቢ፤ የፌስቡክ ግሩፕ ወሬ አትመኚ። ስንት ቁጥር እንደሚፈቅድ፣ ስሙን እንዴት መጥራት እንደሚቻል እዪ። ያነበብሽበትን ቀን ጽፈሽ ገጹን አስቀምጪው፤ ደንቦች ይቀየራሉ።

አሁን ካለሽበት አልፎ ከጠበቃ ደብዳቤ ቢመጣ፣ ወይም ስንት ሸጥሽ ብለው ቢጠይቁሽ፣ ዝም አትበዪ፤ ብቻሽንም አትመልሺ። እናንተ አካባቢ ለኪነ ጥበብና ለእጅ ሥራ ባለሙያዎች የቆመ «የዋሽንግተን አካባቢ የኪነ ጥበብ ጠበቆች» የሚባል ድርጅት አለ። አቅማቸው ውስን ለሆነ ሰዎች የሕግ እርዳታ ይሰጣል። ኢሜይሉንና የሽያጭ መዝገብሽን ይዘሽ ቀጠሮ ያዢ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው ሻጩ ሲያቆም ነው፤ አንቺ ደግሞ ዛሬ ማታ ታቆሚያለሽ።

ለእናትሽ የምትልኪው ገንዘብ እንደሚያሳስብሽ አውቃለሁ። አንድ ሁለት ወር ሊቀንስ ይችላል። ደውለሽ እውነቱን ንገሪያት፤ እሷው ናት ያስተማረችሽ፣ የንድፍ ሐሳብም አይጠፋትም። ለባዛሩ አንድ ወር አለሽ። ጀበናዋን ከነሲኒዎቿ፣ የልጅሽን ፍጥረትና በጥለት ቀለም የተሠሩ ጥቂት ትናንሽ ነገሮች አድርሺ፤ የትኛው እንደተወደደ ጻፊልኝ።